ልጆቼ የፍርድ ቤት ደጅ ሳይጠኑ ቤቴን እንዲረከቡ ምን ላድርግ?

የቨርጂኒያው አባት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነገሬ ረዘም ይላልና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቤቴን ከባለቤቴ ጋር የገዛነው እ.ኤ.አ. በ1999 በ148,000 ዶላር ነበር። እኔ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፣ እርሷ ቀን ሆቴል ትሠራለች፤ ንጋት ላይ በር ላይ እንገናኝና ልጆቹን አስረክባኝ ትወጣለች። እንዲህ እየተፈራረቅን ነው የከፈልነው። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሞላት። ከብድሩ 31,000 ዶላር ያህል ይቀራል፤ ዘንድሮ ለግብር የተገመተበት ዋጋ 560,000 ደርሷል። ሴት ልጄ እዚሁ ቅርቤ ናት፤ ወንዱ ሲያትል ይኖራል። ደሴ ደግሞ እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አለች።

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ የወዳጄ ሞት ነው። በሌላ ስቴት ይኖር ነበር፤ ከሚስቱ ከተፋታ ቆይቷል፤ ቤቱ በእርሱ ስም ብቻ ነበር። አስከሬኑ አገር ቤት ገባ፣ ዕድርተኛው የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሴት ልጁ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ አንድ ቀን አብሬያት ወደ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የወረፋ ቁጥሯን ጨብጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ አንዱን ወረቀት አገላብጣ አየችና፣ «ይህ ቅጂ ነው፤ ዋናውን አምጪ» አለቻት። ልጅቷ አልተከራከረችም። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሰች። ከመካከላቸው የአባቷ የታክሲ መንጃ ፈቃድ ነበረ፤ ፎቶግራፉን ላለማየት ገልብጣ ነው ያስገባችው። ጉዳዩ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ የባዶ ቤት ብድር፣ መብራትና ኢንሹራንስ ከራሷ ደመወዝ ስትከፍል ኖረች።

ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። የእኔ ልጅ በዚያ መስኮት ፊት እንድትቆም አልፈልግም።

ምክሩ ግን በዝቶብኛል። አንዱ «የልጅህን ስም ዛሬውኑ ቤቱ ላይ አስገባ፤ ያልቃል» ይላል። ሌላው «ጠበቃ ይዘህ ትረስት (ንብረትን ለወራሽ በአደራ የሚይዝ ሕጋዊ ውል) አቋቁም» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሰው ደግሞ ባለንብረቱ ሲሞት ቤቱን በቀጥታ ለወራሽ የሚያስተላልፍ ወረቀት አለ አለኝ። እኔ በእጄ፣ በአማርኛ የጻፍኩት አራት ገጽ ኑዛዜ አለኝ። እርሱ አይበቃም? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሰነድ ሠራተኛዋ

ጋሼ፣ የባለቤትዎንም የወዳጅዎንም ነፍስ ይማር። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ሽያጭ ሰነድ በሚያጠናቅቅ ቢሮ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምነግርዎ በየቀኑ በእጄ የሚያልፈውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ የልጅዎን ስም አሁን ቤቱ ላይ አያስገቡ። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ግብሩን ግን አያስቡትም። ባለቤትዎ ሲያርፉ የእርሳቸው ግማሽ ለግብር የሚያዝበት ዋጋ በዚያ ጊዜ በነበረው ገበያ ታድሷል። የእርስዎ ግማሽ ግን ዛሬም በ1999 ዋጋ፣ ማለትም በ74,000 ዶላር ነው የተመዘገበው። በሕይወት እያሉ ለልጅዎ ቢሰጧት ያ አሮጌ ዋጋ አብሮ ይሄዳል። እርሷ ሳትኖርበት በ560,000 ብትሸጠው፣ ከእርስዎ ግማሽ ብቻ ከ200,000 ዶላር በላይ ትርፍ ተብሎ ግብር ይሰላበታል። በሞት ሲተላለፍ ግን የፌዴራሉ ሕግ መነሻ አድርጎ የሚወስደው በዕለተ ሞት ያለውን የገበያ ዋጋ ነው፤ ብዙ ሳትቆይ ብትሸጠው ትርፍ የሚባለው ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ያው ቤት፣ ያችው ልጅ ናት፤ ልዩነቱ ወረቀቱ የተፈረመበት መንገድ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ያገኙት ሰው እውነቱን ነው። በእንግሊዝኛ ትራንስፈር ኦን ዴዝ ዲድ ይባላል፤ እኛ የሞት ጊዜ ማስተላለፊያ ሰነድ እንበለው። ቨርጂኒያ ይህን ሕግ ያወጣችው በ2013 ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲም በዚያው ዓመት ጀምራለች። ዛሬ ሠላሳ ያህል ስቴቶች አላቸው፤ የመጀመሪያዋ ሚዙሪ ናት፣ በ1989። ሰነዱ ላይ «ስሞት ይህ ቤት ለእነ እገሌ ይተላለፍ» ብለው ይጽፋሉ፣ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) ፊት ይፈርማሉ፣ ያስመዘግባሉ። እስኪሞቱ ድረስ ልጆቹ በቤቱ ላይ ምንም መብት የላቸውም። ቢፈልጉ ይሸጡታል፣ ቢፈልጉ እንደገና ይበደሩበታል፣ ሐሳብዎን ቢለውጡ ይሽሩታል። የልጆቹ ፊርማ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሳያውቁትም ይጸናል። ሲያርፉ የሞት የምስክር ወረቀትዎን ይዘው ንብረቱ ወደ እነርሱ መዞሩን በመዝገቡ ላይ ያሳውቃሉ።

ብድሩ አይሰረዝም፤ ቤቱ ዕዳውን ተሸክሞ ነው የሚተላለፈው። ሆኖም ከ1982 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ፣ ተበዳሪው ሞቶ ቤቱ ለዘመድ ሲተላለፍ ባንኩ «ሙሉውን ዕዳ አሁኑኑ ክፈሉ» እንዳይል ይከለክላል። ልጆችዎ ወርኃዊ ክፍያውን መቀጠል ይችላሉ። ሌላ ዕዳ ትተው ካለፉና ለመክፈያ የሚሆን ንብረት ከጠፋ፣ አበዳሪዎች ወደ ቤቱ ሊመጡ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ልጆቹ ወዲያው ልሽጥ ካሉ የባለቤትነት ዋስትና የሚሰጠው ኩባንያ የዕዳው ነገር እስኪጠራ ሊያመነታ ይችላል። ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ስለ ኑዛዜዎ፦ ቨርጂኒያ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ትቀበላለች፤ ግን ጽሑፉ የእርስዎ እጅ መሆኑን በውርሱ የማይጠቀሙ ሁለት ሰዎች መመስከር አለባቸው። በአማርኛ ስለሆነም መተርጎም አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ኑዛዜ የሚጸናው ቀርቦ ሲረጋገጥ ነው፤ ያ ማለት ልጅዎ ወደዚያው መስኮት ትሄዳለች። አይቅደዱት፤ ለሌላው ንብረትዎ ይሆናል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ሰነዱ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ በኑዛዜ አይሻርም። ኑዛዜው ቤቱን ለሴቷ፣ ሰነዱ ለሁለቱም ቢል የሚጸናው ሰነዱ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ይፈትሹልኝ። አንደኛው የ1999ኙ የግዢ ሰነድ ነው። ከሁለታችሁ ስም ቀጥሎ፣ አንዱ ሲሞት ሁሉም በሕይወት ለቀረው እንደሚሆን የሚገልጽ ሐረግ መኖሩን ይመልከቱ። ለባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ከሌለ የባለቤትዎ ግማሽ በሌላ መንገድ መጥራት አለበትና ጠበቃ ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቤትዎ በእርግጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማና ካውንቲ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያቅፍም። ፖስታ ቤቱ «አሌክሳንድሪያ» ብሎ ደብዳቤ የሚያደርስባቸው በርካታ ሰፈሮች በሕግ የፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው። ሰነዱ መመዝገብ ያለበት መሬቱ ባለበት ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። የንብረት ግብር የሚከፍሉበትን ደረሰኝ አውጥተው ከላይ የማን ስም እንዳለ ይዩ።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ እህታችን ስለ ግብር የነገረችህ ትክክል ነው፤ እኔ ግብሩ ጋ ሳልደርስ ነው የተጎዳሁት። በ2012 የቤቴን ግማሽ በወንድ ልጄ ስም አዞርኩ። ልጄ ሰው አክባሪ፣ ታታሪ ነው፤ ጥፋት አላጠፋም። ሱቅ ከፈተ፣ ሱቁ ከሰረ፣ አበዳሪው ከሶ ፈረደበት። ፍርዱን የእርሱ ስም ባለበት ንብረት ሁሉ ላይ አስመዘገቡት። ወለድ ወርዶ ብድሬን ላድስ ባንክ ስሄድ «ቤቱ ላይ የፍርድ ዕዳ አለ» ተባልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው! ልጄ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ቀና ብሎ ለማየት ሲያፍር ማየቱ ከገንዘቡ ይበልጥ ያመኛል።

እዚህ ኮሎራዶ የምትፈልገው ሰነድ ቤኔፊሺያሪ ዲድ በሚል ስም ከ2004 ጀምሮ አለ። አላውቀውም ነበር። የነገረኝ ሰው ቢኖር ልጄንም ራሴንም ከዚህ ባዳንኩ።

ልጅቷ ከሎስ አንጀለስ

አባባ፣ የእኔን ታሪክ ልንገርዎትና የመጨረሻዋን ነገር በተለይ ይያዙልኝ።

አባቴ በ2019 ዐረፈ። ሁሉን ነገር በቦታው የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ቀብሩ ካለፈ በኋላ አልጋው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩ። መስቀሉ፣ የእናቴ ደብዳቤዎች፣ ከእነርሱ ሥር ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አለ። ከላይ ይኸው እዚህ የምትነጋገሩበት ሰነድ መሆኑ ተጽፏል፤ ቤቱ ለእኔ እንዲሆን ይላል። የአባቴ ፊርማ አለ፤ ከሥሩ የኖተሪው ማኅተም አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት በደስታ ነው፤ እስከ መጨረሻው አስቦልኝ ነው የሄደው ብዬ።

መዝጋቢው ቢሮ ወሰድኩት። ሠራተኛው ወረቀቱን አየ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና ፊቱን አየ። ጣቱን በላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ አሳረፈ። ባዶ ነበር። የምዝገባ ቁጥርና ቀን የሚመታው እዚያ ነው አለኝ። አባቴ ፈርሟል፣ ኖተሪ አስመትቷል፤ አላስመዘገበም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖተሪው ባረጋገጠ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የአባቴ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ዋጋ የለውም ተባልኩ።

ስለዚህ ፕሮቤት፣ ማለትም ውርስ በፍርድ ቤት የሚጣራበት ሂደት ውስጥ ገባሁ። የካሊፎርኒያ ሕግ የጠበቃውን ክፍያ ራሱ ይተምናል፦ ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 100,000 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ አንድ ሚሊዮን 2 በመቶ። የሚሰላውም ዕዳ ሳይቀነስ በቤቱ ሙሉ ዋጋ ነው። ቤታችን 700,000 ተገመተ፤ የጠበቃው ብቻ 17,000 ዶላር ሆነ። ከገንዘቡ የባሰብኝ ግን ያ ባዶ ጥግ ነው። አባቴ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ፣ ልቡ ዐርፎ ነው የሄደው።

አባባ፣ እባክዎን ፈርመው ወደ ቤት አይመለሱ። ከኖተሪው በቀጥታ ወደ መዝጋቢው ይሂዱ።

የቨርጂኒያው አባት (ጠያቂ)

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ በገነት ያኑርልን። ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜ፣ አንተም ልጅህን አቅፈህ አጽናናው፤ ጊዜ ያመጣው ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እህቴን ከልጆቼ እኩል በሰነዱ ላይ ልጽፋት አስቤያለሁ፤ ለእኔ እናቴ ናት። የኢትዮጵያ ዜግነት ነው ያላት፣ አሜሪካ መጥታም አታውቅም። ይሆናል? ደግሞ አዲስ አበባ ገርጂ አነስ ያለች ቤት አለችኝ፤ ለወንድሜ ልጅ ውክልና ሰጥቼው እያከራየ ይልክልኛል። እርሷስ በዚሁ ትጠቃለላለች?

የሰነድ ሠራተኛዋ

ጋሼ፣ የውጭ አገር ዜጋ መጻፍ አይከለከልም፤ ለእትዬ ግን አድካሚ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ሰነድ ከአንድ በላይ ሰው ሲጻፍ፣ የተለየ ነገር ካልተባለ ሁሉም እኩል ድርሻ ያለው ባለቤት ነው፤ ሽያጩ ላይ ሁሉም መፈረም አለበት። እትዬ ደሴ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ወረቀት ወደ አዲስ አበባ ሊመላለሱ ነው። የውጭ አገር ሰው የአሜሪካ ቤት ሲሸጥ ደግሞ ገዢው ከሻጩ ድርሻ እስከ 15 በመቶ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል። የተረፈውን ለማስመለስ በመጀመሪያ የግብር ከፋይ ቁጥር አውጥተው፣ ቀጥሎ የግብር ማስታወቂያ ሞልተው ነው። በዚያ ዕድሜ ይህን አይጫኗቸው።

እኔ ብሆን ቤቱን ለሁለቱ ልጆች ጽፌ፣ ለእትዬ ባንክ ውስጥ የተለየ ሒሳብ እከፍታለሁ። ባንኩን «ስሞት የሚከፈለው ለእርሷ ነው» የሚል ቅጽ ይጠይቁት፤ እርሱም ፍርድ ቤት አይገባም። ዛሬ መስጠት የሚችሉትን ደግሞ ዛሬ ይላኩላቸው።

ለልጆችዎም ተተኪ መጻፍ አይርሱ። እግዚአብሔር አያድርገውና አንዱ ቢቀድምዎት፣ ድርሻው ለልጆቹ ይሁን ወይስ ለእህቱ? ይህን ሰነዱ ላይ በግልጽ ካላሰፈሩት ሌላ ክርክር ይከፍታል። ዕድሜው ያልደረሰ የልጅ ልጅ የሚጽፉ ከሆነ ንብረቱን የሚይዝለት ሰው ይሰይሙ።

ጠበቃው ከአዲስ አበባ

ስለ ገርጂው ቤት ልመልስ። የቨርጂኒያው ሰነድ የቨርጂኒያን መሬት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ እዚህ ላለው ቤት አይሠራም። በእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ሰነድም የለም፤ መንገዱ ኑዛዜ ነው።

ግን ጋሼ፣ ያስደነገጠኝ ውክልናው ነው። ከውጭ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን «ውክልና ሰጥቻለሁ፤ ስሞት እርሱ ይጨርሰዋል» ብለው ይቀመጣሉ። ውክልና ወካዩ በሞተበት ቅጽበት ያበቃል። የወንድምዎ ልጅ ከዚያ በኋላ በእርስዎ ስም ኪራይ መቀበልም ሆነ መሸጥ አይችልም፤ ቢያደርገው ራሱን ለክስ ያጋልጣል። ወራሾችዎ ፍርድ ቤት ቀርበው የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት አለባቸው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮች ይጠይቃል። ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ፣ መነበቡም በጽሑፉ ላይ መጠቀሱ ግዴታ ነው። ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው በሥራው ላይ ሆኖ ካለበት ሁለት ይበቃሉ። በእጅዎ የጻፉትም ይጸናል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ያ አራት ገጽ ኑዛዜ የተጻፈበትን ቀን ይመልከቱ።

የቨርጂኒያው አባት (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ውለታ በላ እሆናለሁ።

የኑዛዜው ቀን ባለቤቴ ሳትታመም ነው፤ ስምንት ዓመት አልፎታል። የገርጂውን እንደ አዲስ ለመሥራት ከጠበቃ ጋር ጀምሬያለሁ።

የ1999ኙን ሰነድ ሳወጣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የእርሷ ፊርማ ከእኔ ፊርማ ጎን አለ። በሕይወት ለቀረው ይሁን የሚለው ሐረግ ተጽፏል። የግብር ደረሰኙ ላይ ደግሞ «ፌርፋክስ ካውንቲ» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአሌክሳንድሪያ ሰው ነኝ እያልኩ ኖሬአለሁ፤ እህታችን ባትነግረኝ ኖሮ ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ነበር የምሄደው።

ሰነዱን አንድ ጠበቃ አዘጋጀልኝ። ለሁለቱ ልጆቼ እኩል፤ አንዱ ቢቀድመኝ ድርሻው ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለሌላው። ሐሙስ ጠዋት ኖተሪ ፊት ፈረምኩና በዚያው መኪና ወደ ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ነዳሁ። ሠራተኛዋ ተቀበለችኝ፣ አስከፈለችኝ፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያለበትን ወረቀት ሰጠችኝ። ልጄ፣ ያን ጥግ አየሁት፤ ባዶ አይደለም።

ለእህቴ ሒሳቡን ከፍቻለሁ። ለወንዱ ልጄ ቅጂውን በፖስታ ላክሁለት፤ ሲደርሰው ደውሎ «አባዬ፣ ታመምክ እንዴ?» አለኝ። ደህና መሆኔን ነግሬው ስለ እናቱ አንድ ሰዓት ያህል ተጨዋወትን። ለሴቷ በእጇ ሰጠኋት። ማንበቡን ትታ የኮቷ ኪስ ውስጥ ልታደርገው ስትል «አይሆንም፤ እፊቴ አንብቢው» አልኳት፤ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ የእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አነበበችው።